የለውጥ ጥያቄው ተሰርዟል

ሸዋ ሮቢት ባለው ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤታችን አዲሱ ፕሮግራም የተተከለው ሙቀቱ በበረታበት ወር ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት ባለሙያዎች ኮምፒውተሮቹን ገጣጠሙ፣ ውሃ እየጠጡና ግንባራቸውን እየጠረጉ አሠለጠኑን፣ ከዚያ ጣርማ በርን ተሻግረው ወደ ብርዳቸው ተመለሱ። ለእኛ የቀረን ድምፁ ከንፋሱ የሚበልጥ አንድ ቬንቲሌተርና እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ነበር።

እኔ በኮንትራት የተቀጠርኩ መረጃ አስገቢ ነበርኩ። ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ የተማርኩት ራሴ ያነበብኩትን ነው። ግጥም እጽፍ ነበር። የፕሪንተር ወረቀት ጀርባ ላይ እጽፍና አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ላብ ሲያጠፋው ሌላ እጽፋለሁ። መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ የማንበብ ሱስ የያዘው ሰው ያገኘውን ያነባል። የመድኃኒት ካርቶን፣ የጭነት መኪና የኋላ በር፣ የግድግዳ ማስታወቂያ አነብ ነበር። የፕሮግራሙንም መልእክቶች እንዲሁ። ባልደረቦቼ መልእክት ሲመጣባቸው «እሺ» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ያልፋሉ። እኔ ማለፍ አልችልም ነበር። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ እያንዳንዷን መስመር ወደ አማርኛ አመጣታለሁ።

በፕሮግራሙ ሕግ ሠራተኛን የሚመለከት ነገር እንዲቀየር ከተፈለገ፣ የሥራ ቦታ ይሁን ደረጃ ወይም የቤተሰብ ሁኔታ፣ መጀመሪያ ሠራተኛው በራሱ ቁጥር ገብቶ የለውጥ ጥያቄ ይከፍታል። ጥያቄው ቁጥር ተሰጥቶት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። እስኪፈቀድ ድረስ ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ሰውየው የነበረበት ነው። ይህ አሠራር ደስ ይለኝ ነበር። ምኞትን ከሆነው ነገር ለይቶ፣ ለብቻው፣ በክብር የሚያስቀምጥ ሌላ ቦታ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ሰኞ አንዲት ሴት ወደ መስኮቴ ትመጣለች። ከቀወት ገበሬዎች ማሾ እየሰበሰበች ገበያ የምትሸጥ፣ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ የምታስር፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ነበረች። ባሏ የእኛው ጋራዥ መካኒክ ነው። ደቡብ ወዳለ የድርጅቱ ፕሮጀክት ተልኮ እዚያው ቆይቷል፤ ወደ ሸዋ ሮቢት ለመመለስ የለውጥ ጥያቄ አስገብቷል። ተቀባዩ ቅርንጫፍ እኛ ስለሆንን ጥያቄው በእኔ ማያ ላይ ይታያል።

«ወንድሜ፣ ያ ነገርስ?» ትለኛለች።

«በሂደት ላይ ነው ይላል።»

«ሂደቱ እግር የለውም እንዴ? በአህያ እንኳ ቢመጣ እስካሁን ይደርስ ነበር።»

«አህያዋ ጣርማ በር ላይ ጉም ይዟት ይሆናል።»

«ወላሂ አንተም ከማሽኑ ጋር ውለህ ውለህ እንደ ማሽኑ ሆነሃል» ብላ ስቃ ትሄዳለች።

ሳቋ ቀላል ይመስላል እንጂ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ደብረ ሲና ሱቅ ያለው ወንድሟ «ቤቱን ሽጠሽ ነይ፣ አብረን እንሥራ፣ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ?» እያለ ይወተውታት ነበር። ባሏ ደግሞ ከፕሮጀክቱ ወጣ ብሎ ኔትወርክ ካለበት ሲደውል «ቤቱን እንዳትነኪ፣ እየመጣሁ ነው» ይላታል። ስለዚህ ወንድሟን እምቢ ብላ ቤቱን ይዛ ትጠብቅ ነበር። ይመጣል ወይስ አይመጣም? ለእሷ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ አልነበረም፤ መልሱ ያለው ደግሞ እኔ ማያ ላይ ነው።

አንድ ሰኞ፣ እሷ መስኮቱ ላይ ቆማ፣ የጥያቄውን ቁጥር ስከፍት ማያው መሃል ላይ ቀይ ጠርዝ ያለው ሳጥን መጣ። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «የከፈቱት የለውጥ ጥያቄ ተሰርዟል።» ከሥሩ ያለው «እሺ» የሚለው ቁልፍ ብቻ ነው።

«ምን ይላል?» አለችኝ፤ ፊቴን አይታለች።

«ተሰርዟል ይላል።»

«እምቢ አሉት?»

«እንደዚያ አይመስለኝም። እምቢ ሲሉ ውድቅ ሆኗል ነው የሚለው፤ ምክንያትም ይጽፋል። ይኼ ሌላ ነው።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አላውቅም። የጥያቄውን ታሪክ የሚያሳይ ገጽ አለ። እሱ የሚከፈተው በኃላፊው የይለፍ ቃል ነው፤ እሳቸው ደግሞ ደብረ ብርሃን ግምገማ ላይ ናቸው። ሲመለሱ አስከፍቼ እነግርሻለሁ።»

«የእሱም ስልክ እኮ አይሠራም» አለች፤ ከእኔ ይልቅ ለራሷ የተናገረች ይመስል ነበር። ከዚያ ሻሿን አጥብቃ ወጣች።

ከኋላዬ የምትቀመጠው የሰው ኃይል ባልደረባዬ ሥራዋን ማቆሟ ነው ያስደነገጠኝ። እትዬ እያልን የምንጠራት፣ በመሥሪያ ቤቱ ያረጀች ሴት ናት። ዞር ስል እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

«እትዬ፣ ምነው?»

«ያንን መልእክት አላወቅከውም? የስቶር ኃላፊያችን ሲያርፉ ማኅደራቸውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ገና ስዘጋው ከፍተዋቸው የነበሩት ጥያቄዎች ሁሉ እንዲህ አሉ። ተሰርዟል፣ ተሰርዟል፣ ተሰርዟል። ቃል በቃል ይኼው ነው።»

እውነቷን ነበር። የሞተ፣ ጡረታ የወጣ ወይም የለቀቀ ሠራተኛ ማኅደር ሲዘጋ በስሙ የተከፈተ ጥያቄ ሁሉ አብሮ ይሰረዛል። ያን ጊዜ እኔም አይቼዋለሁ፤ ለሟቹ የተጻፈ አጭር ሙሾ መስሎኝ ወረቀት ላይ ገልብጬውም ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ጠረጠርኩ። በራሴ ስም የአድራሻ ለውጥ ጥያቄ ከፈትኩና መልሼ ሰረዝኩት። ስሰርዘው ፕሮግራሙ ቆም ብሎ «እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ። ከዚያ ያንኑ ቁጥር እንደገና ስከፍት ቀዩ ሳጥን መጣ፤ ከስቶር ኃላፊው መልእክት በአንድ ፊደል እንኳ አይለይም።

«እትዬ፣ ነይ እዪ። እኔም ሞቼአለሁ ማለት ነው?»

«ሂድ አንተ! በሞት ይቀለዳል?»

«አልቀለድኩም። ፕሮግራሙ የሚሰረዝበትን መንገድ አይለይም እያልኩሽ ነው። ለተቀባዩ የሚደርሰው ቃል አንድ ነው።»

«አንተ ግጥምህን ጻፍ» አለችኝ መነጽሯን እያወለቀች። «ስልኩ ጠፍቷል፣ ጥያቄው ጠፍቷል። ሞትን እኔ አውቀዋለሁ።»

ክፋት አልነበረባትም። ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። ነገር ግን ስትወጣ ለዘበኛው ሹክ አለችው፤ ዘበኛው የሴቲቱ ጎረቤት ነው።

በእኛ አገር የሞት ወሬ ለባለቤቱ በድንገት አይጣልበትም። የሚያውቁ ሁሉ አፋቸውን ይይዛሉ፤ ዘመድ ይፈለጋል፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል። ከዚያ በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሄደው መርዶውን ያረዱታል። እስከዚያች ማለዳ ድረስ አገር ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። ይህ ደግነት ነው። ብዙ ቤት ከድንገተኛ ውድቀት አድኗል። ያን ሳምንት ግን ይኸው ደግነት ነገሩን ቆለፈው። ባልሽ መጨረሻ የደወለው መቼ ነው ብሎ እሷን የሚጠይቅ ቢኖር ብዙ ነገር ይገለጥ ነበር። ማንም ሊጠይቃት አልደፈረም፤ መጠየቁ ራሱ መርዶ ይሆናልና።

ገበያ ውስጥ አየኋት። ሰው ማሾዋን ሳይከራከር ይገዛታል። ከእሷ ፊት ለፊት የምትሸጥ፣ በቦታ ሁልጊዜ የምትጣላት ሴት ጥላዋን አንሥታ እሷ ላይ ተከለችላት። ጎረቤቶቿ ወንፊት ሊዋሱ ይገቡና ወንፊቱን ረስተው ቁጭ ይላሉ። እሷ ግራ ተጋብታ «ዛሬ ምን ነካችሁ? ደግ ሆናችሁ» እያለች ትስቃለች። ሳቋ ግን በየቀኑ እያጠረ ሄደ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አጎቷ ወደ መሥሪያ ቤታችን መጡ። በአካባቢው የሚከበሩ ሸህ ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ከዘራቸውን ከመሬት ሳያስነኩ በእጃቸው ይዘው የሚሄዱ ሽማግሌ። ተነሥቼ ወንበሬን ሰጠኋቸው።

«ልጄ፣ ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ልንነግራት ነው» አሉኝ። «ከመሥሪያ ቤቱም አንድ ሰው አብሮን ይኑር ብለን ነው የመጣሁት።»

«ሸህ፣ መሞቱን ማን አረጋገጠላችሁ?»

«እናንተ ናችሁ እንጂ! ከመሥሪያ ቤቱ ነው የመጣው ተባልን።»

ወደ እትዬ ዞርኩ። አቀረቀረች። «እኔ እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም» አለች በቀስታ። «ዘበኛው ትናንት ዘመዶቹም ሰምተዋል ሲለኝ ነው ያመንኩት።»

ዘመዶቹ የሰሙት ከዘበኛው ነበር። ወሬው ከእኛ ወጥቶ፣ ከተማውን ዞሮ፣ ተረጋግጦ ወደ እኛው ተመልሷል።

«አንቱ እስከ ማታ ይታገሡኝ» አልኳቸው። «ኃላፊያችን ዛሬ ይመለሳሉ። ማያው ላይ ያለው ቃል የግድ ሞት ማለት አይደለም፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። ልየው።»

«አላህ ያሳይህ» ብለው ወጡ።

ኃላፊው ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ለደብረ ብርሃን የለበሱትን ወፍራም ካፖርት አውልቀው ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለውታል፤ ዐይናቸው ከስብሰባ ብዛት ቀልቷል። ሳይቀመጡ ነገሩን ነገርኳቸው። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው የይለፍ ቃላቸውን አስገቡና የጥያቄውን ታሪክ ከፈቱ።

መስመሮቹ አጫጭር ነበሩ። ተከፍቷል። ተልኳል። በሂደት ላይ። የመጨረሻው፦ ተሰርዟል። ከጎኑ «በማን» የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ የሠራተኛ ቁጥር ነበር። ቁጥሩን ከማኅደሩ ጋር አስተያየነው። የራሱ የመካኒኩ ነው። ማኅደሩ ክፍት ነው፤ በዚያው ሳምንት ሥራ ላይ መዋሉም ተመዝግቧል። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

«ሰውየው አለ» አሉ ኃላፊው። «ራሱ ነው የሰረዘው።» ካፖርታቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩት። «ከዚህ በላይ ያለው የእኛ ሥራ አይደለም» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እትዬ ከኋላዬ «ተመስገን» አለች። ትንሽ ቆይታ «እህ» አለች፤ ሌላው ነገር የገባት ያን ጊዜ ነው።

ወደ መስጊዱ ሄድኩ። የአስር ሶላት አልቆ ሸሁ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ የነገውን ማለዳ ይመካከራሉ።

«ሸህ፣ አልሞተም። በሕይወት አለ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ከተቀመጡበት ወደ ፊት ተደፍተው ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። ሲነሡ ግንባራቸው ላይ አቧራ ነበር፤ አልጠረጉትም። «ታዲያ ማነው የሰረዘው?»

«ራሱ።»

«ተሳስቶ ነካክቶት ይሆን?»

«ፕሮግራሙ ሰው በእጁ ሲሰርዝ መጀመሪያ ይጠይቃል። ዝም ብሎ አይሰርዝም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢውን አራግፎ «እንግዲህ ካልሞተ መርዶ የለም፤ የባልና ሚስት ነገር ነው፤ ወደየቤታችን» አለ። ሌሎቹም ለመነሣት ተነቃነቁ። ሸክሙ ከላያቸው የወረደላቸው ይመስል ነበር። ለሞት ቃሉም መንገዱም አላቸው፤ ለዚህ ምንም አልነበራቸውም።

ሸሁ አልተነሡም።

«ቢሞት ኖሮ እንሄድ ነበር» አሉ። «አገር ሁሉ ከሰኞ ጀምሮ በዐይኑ ሲቀብረው ሰንብቷል፤ እሷ ብቻ አታውቅም። አሁን ደግሞ አለመምጣቱን ሁላችንም አውቀን እሷ ብቻ ቤቱን ስትጠብቅ ልንተዋት ነው? እንሄዳለን። በተባባልነው ሰዓት እንሄዳለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቃሉን የምታነበው አንተ ነህ። እኛ አናውቀውም። አንተ ትላታለህ።»

በማግስቱ ሰማዩ ገና ሳይቀላ ከመስጊዱ በር ተነሣን። ከሮቢ ወንዝ በኩል የሚመጣው አየር ለዚያች ሰዓት ብቻ ቀዝቀዝ ይላል። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶች ከኋላ፣ እኔ መሃል። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ቃል ስፈልግ ነበር። ቃል መፈለግ ሥራዬ ነው ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን የያዝኩት ሁሉ ያጌጠ ነው፣ ያጌጠው ሁሉ ደግሞ ያሳፍራል። ወረወርኩት።

አንድ ነገር ግን ከእኛ ማንም አላሰበም። ያን ሁሉ ሰው በዚያች ሰዓት በሯ ላይ ስታይ ምን ትላለች?

በሩን ከፈተች። ሸሁን አየች፤ ከኋላቸው ያሉትን አየች። ጩኸቷ ጎረቤት ያሉትን ዶሮዎች አስበረገገ። መቃኑን ይዛ ወደ መሬት ወረደች።

«አልሞተም!» አሉ ሸሁ ከዘራቸውን ጥለው። «አለ! ልጄ፣ ስሚኝ፣ አለ! ወላሂ አለ!»

«አለ?»

«አለ!»

ተነሣች። የሸሁን እጅ ሳመች፣ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ያገኘችውን ሁሉ አቀፈች። እየሳቀች፣ እንባዋ እየወረደ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ሴቶቹም አብረው አለቀሱ። እኔም ለዚያች ቅጽበት የመጣንበትን ረሳሁት። እንደዚያ የተደሰተ ሰው ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላየሁም።

ከዚያ ሳቋ ቆመ። አንድ በአንድ አየችን። መስኮቱ ላይ የምታውቀውን የእኔን ፊት ስታገኝ እዚያ ላይ ቆመች።

«ታዲያ ለምን መጣችሁ?»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጥያቄውን የሰረዘው እሱ ራሱ ነው» አልኳት። ሌላ ቃል አልነበረኝም።

አልጮኸችም። ለመጀመሪያው ዜና ጩኸቷን ጨርሳለች። ወደ ውስጥ ገባች፤ የምትዘጋብን መስሎኝ ነበር። ሰሌን ይዛ ወጣችና ደጃፉ ላይ ዘረጋችው። «ቁጭ በሉ» አለች። ተቀመጥን። ሸሁ ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ዘረጉ፤ ምን ብለው እንደሚለምኑ ለጥቂት ጊዜ የጠፋቸው ይመስለኛል። በመጨረሻ ለራቀውም ለቀረችውም አላህ ልብ ይስጥ አሉ፤ «አሚን» አልን። ፀሐይ ወጥቶ መሬቱ እስኪሞቅ ድረስ ማንም አልተነሣም። ሴቶቹ እንደ ለቅሶ ቤት ቀኑን ሙሉ ሲመላለሱ ዋሉ፤ ይህ ለቅሶ አይደለም ብሎ የከለከለ አልነበረም።

ሰኞ ዕለት እንደ ልማዷ መጣች። ከግቢው በር ውጭ ባጃጅ ቆሟል፤ ከኋላው ፍራሽና የማሾ ጆንያ ታስሯል። ወደ መናኸሪያው፣ ከዚያም ወደ ደብረ ሲና እንደምትሄድ አልጠየቅኳትም፤ ማየት ይበቃል።

«ያ ጽሑፍ አሁንም አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«አሳየኝ።»

ኃላፊውን ጠይቄ የታሪኩን ገጽ አስከፈትኩና ማያውን ወደ መስኮቱ አዞርኩላት። እንግሊዝኛ አታነብም። ጣቷን በመስኮቱ ፍርግርግ አሾልካ የመጨረሻዋን መስመር ነካች።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«በእጁ ነው የጻፈው?»

«አይጽፍም። ቁልፍ ነው የሚጫነው። ከዚያ ማሽኑ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል።»

«እሱንም ጠየቀው?»

«ሁሉንም ይጠይቃል።»

ጣቷ መስመሩ ላይ እንዳለ ቆየ። ባጃጁ ጡሩምባውን ነፋ።

«እና ምን አለው?»

«አዎ አለው።»

ጣቷን ከፍርግርጉ አወጣች። ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ አሰረች።

«እሺ» አለች፤ ሄደች።